የአባባን ጥለት ያወጣልኝ የፒያሳው ካሴት ቤት

ጎንደር፣ ፒያሳ፣ ከፖስታ ቤቱ ጀርባ ባለው መንገድ ላይ፣ በሩ ላይ «የድሮ ካሴት ወደ ፍላሽ እንገለብጣለን» የሚል ሰማያዊ ጽሑፍ የተለጠፈበት ጠባብ ቤት አለ። ሁለት ካሴት ሰጥቼ፣ ሦስት ሳምንት ጠብቄ፣ 1,800 ብር ከፍዬ ሥራዬን የተረከብሁት ከዚያ ነው። ገንዘቡ በዛ የሚል ይኖራል። ለምን ያን ያህል እንደከፈልሁና ለምን እንዳልቆጨኝ ዘርዝሬ ልጻፍ፤ ጎንደር ውስጥ ቁም ሣጥን አናት ላይ የሠርግ ካሴት ያላስቀመጠ ቤተሰብ ጥቂት ነውና። ካሴቱ አንድ ጊዜ ለማያውቅ ሰው ከተሰጠ ደግሞ ባለቤቱ «የድሮ ቪዲዮ እንዲህ ነው» ብሎ ይተወዋል። እኔም ትቼው ነበር።

አባባ ሸማኔ ነበሩ። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ አራዳ ገበያ አጠገብ የሲንጀር መኪናዬ ላይ ከተቀመጥሁ 27 ዓመት ሆነኝ። ታላቅ እህቴ፣ እታለም የምላት፣ በ1987 ዓ.ም. በጥር ወር ስትዳር «ቬሎ አልለብስም» ብላ አባባ የሸመኑላትን ቀሚስ ለበሰች። የዚያን ቀሚስ ጥለት አባባ ከዚያ በፊት ሠርተውት አያውቁም፤ ከዚያ በኋላም አልደገሙትም። ሰው ሲለምናቸው «እሱ የልጄ ነው» ይሉ ነበር። ቀሚሱን ብል በላው። አባባም ካረፉ 11 ዓመት ሆናቸው። ዘንድሮ የእታለም ልጅ ልትዳር ነውና «የአያቴን ጥለት ካልሆነ ሌላ አልለብስም» አለች። ጥለቱ ያለው ግን ካሴት ላይ ብቻ ነው።

ካሴቱ ሁለት ነው። አንደኛው የሠርጉ ቀን ነው፤ አጎታችን ከጀርመን ይዞት በመጣው የሃይ ኤይት ካሜራ የተቀረጸ፣ መዳፍ ውስጥ የሚገባ ትንሽ ካሴት። ሁለተኛው የመልሱ ቀን ነው፤ የዚህ ዋናው ጠፍቶ፣ ለዘመድ እንዲታደል ወደ ትልቁ የቪ ኤች ኤስ ካሴት የተቀዳው ቅጂ ብቻ ተርፎናል።

ከአምስት ዓመት በፊት የሠርጉን ካሴት ሌላ ቦታ አስገልብጬ ነበር። የት እንደሆነ አልጽፍም። የተሰጠኝን ፍላሽ ቤት ወስጄ ስከፍተው እታለም በቆመችበት ሁሉ ጥለቷ ላይ ሐምራዊና አረንጓዴ ቀስተ ደመና ይርመሰመሳል። አባባ በዕድሜያቸው ሐምራዊ ክር ገዝተው አያውቁም። ሚዜዋ የያዘችው የቀይ ዣንጥላ ጠርዝ ላይ ሰልፍ የያዘ ጉንዳን የመሰለ ነጠብጣብ ወደ ላይ ይሳባል። ፋሲለደስ መዋኛ ፀሐይ ላይ ቆመው ፎቶ ሲነሡ ደግሞ ነጠላዋ እጥፋት የሌለው ነጭ ወረቀት ሆኗል። ያን ጊዜ ካሴቱ አርጅቶ ነው ብዬ አለቀስሁ። ካሴቱ ግን ደኅና ነበር።

የፒያሳው ቤት ባለሙያ ሠላሳ ዓመት የሚሞላው አይመስለኝም። ካሴቶቹን ጠረጴዛው ላይ ሳስቀምጥ አልነካቸውም፤ መጀመሪያ የጠየቀኝ የቀድሞውን ፍላሽ ነው። ከፍቶ ጥለቱ ላይ አቆመው፤ ወደፊት፣ ወደኋላ፣ እንደገና ወደፊት አስኬደው። ከዚያ «እትዬ፣ ካሴትዎ አልተበላሸም። ቀለሙና ብርሃኑ በደንብ ሳይለያዩ ተገልብጦ ነው» አለኝ። እኔም «ቀለምና ብርሃን እንዴት ይለያያል?» አልሁት። ሌላ ደንበኛ እየጠበቀው ነበር፤ ቢሆንም ወንበር ስቦ አስቀመጠኝና አስረዳኝ። ይህን ቤት የወደድሁት ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቴሌቪዥን መጀመሪያ ጥቁርና ነጭ ነበር፤ በሽቦው የሚሄደው የብርሃን መጠን ብቻ ነው፤ እዚህ ይደምቃል፣ እዚያ ይጨልማል። ቀለም ሲመጣ በየሰዉ ቤት ያለው ጥቁርና ነጭ ቴሌቪዥን ሥራ እንዳይፈታ ተፈለገ። ስለዚህ ቀለሙ ለብቻው መንገድ አልተሰጠውም፤ በዚያው የብርሃን ምልክት መካከል እንዲገባ ተደረገ። የብርሃኑ ምልክት በየመስመሩ ስለሚደጋገም ኃይሉ በየተወሰነ ርቀት ይሰበሰባል፤ በመካከሉ ክፍት ቦታ ይተዋል። ቀለሙ በ4.43 ሜጋኸርዝ፣ ማለትም በሰከንድ 4.43 ሚሊዮን ጊዜ፣ በሚወዛወዝ ሞገድ ላይ ተጭኖ በዚያ ክፍት ቦታ ተሰካ። ይህ እኛ አገር ቴሌቪዥን ሲጠቀምበት የኖረው፣ በጀርመናዊው መሐንዲስ በዋልተር ብሩህ የተሠራው ፓል የሚባለው ሥርዓት ነው። የአጎታችን ካሜራም ከጀርመን ስለመጣ ያው ፓል ነው።

የሸማኔ ልጅ ነኝና ወዲያው ገባኝ። ድሩ ብርሃን ነው፤ ማጉ ቀለም ነው። ምስሉን ከካሜራ ወይም ከማጫወቻ በሚያወጣው በተለመደው ቢጫ ኬብል የሚመጣው ተሸምኖ ያለቀ ልብስ ነው። ዲኮደር የሚባለው ቺፕ ሥራው ያን ልብስ ፈትቶ ድሩን ለብቻ፣ ማጉን ለብቻ ማስቀመጥ ነው። ይህን ስነግረው ፈገግ ብሎ «እኔ እስከ ዛሬ ለደንበኛ በወተትና በቡና ነበር የማስረዳው፤ የእርስዎ ይሻላል» አለ።

ልጁ እውቀቱን በቃል ብቻ አላስቀረውም፤ አንድ አሥር ሰከንድ መርጦ በዓይኔ አሳየኝ። እታለም ከቤት ወጥታ፣ አባባ ሲመርቋት ጎንበስ ብላ የቆመችበት ቦታ ነው። ያችኑ አሥር ሰከንድ በዚያው ካሜራ፣ በዚያው ዲኮደር፣ ማጣሪያውን ብቻ እየቀያየረ ደጋግሞ ገለበጣት።

መጀመሪያ በተራው ማጣሪያ። ይህ ማጣሪያ 4.43 አካባቢ ያለውን ሁሉ ቀለም ነው ብሎ ይቆርጣል፤ የቀረውን ብርሃን ይለዋል። ችግሩ የት ላይ እንደሆነ በቁጥር ነገረኝ፤ እኔም እቤት ገብቼ አስልቼዋለሁ። አንድ የስክሪን መስመር ለመሳል 52 ሚሊዮንኛ ሰከንድ ይፈጃል። በዚያ ጊዜ ውስጥ የቀለሙ ሞገድ ወደ 230 ጊዜ ይወዛወዛል። እንግዲህ በስክሪኑ ስፋት ላይ 230 ጥንድ የሚያህል ቀጭን ጥቁርና ነጭ ሰረዝ ጎን ለጎን የሚያሰልፍ ልብስ ከመጣ፣ ሰረዙ የሚፈጥረው ምልክት ከቀለሙ ሞገድ ጋር አንድ ይሆናል። ማጣሪያው ደግሞ ልብሱን አያውቅም። ሰረዙን ከብርሃኑ ላይ ቆርጦ ይጥላል፤ የቆረጠውንም ቀለም ነው ብሎ ይቀባዋል። የአባባ ጥለት በዚያ ርቀት ላይ ከሞላ ጎደል እንዲህ ያለ ቀጭን ሰረዝ ነው። ሐምራዊውና አረንጓዴው የመጣው ከዚያ ነው። ጥለቱ ሁለት ጊዜ ተበደለ፦ የራሱ መስመር ጠፋ፣ የራሱ ያልሆነ ቀለም ተቀባ። የዣንጥላው ጉንዳን ደግሞ የዚህ ግልባጭ ነው፤ ከቀለሙ ሞገድ ሳይቆረጥ የተረፈው ወደ ብርሃኑ ገብቶ ነጠብጣብ ሆኗል።

ሁለተኛ በኮምብ ፊልተር። ኮምብ ማበጠሪያ ማለት ነው፤ ስሙም ልክ ነው፤ ጥርሶቹ በብርሃኑና በቀለሙ ክፍት ቦታ ተራ በተራ ይገባሉ። አሠራሩ ደስ ይላል። በፓል አንድ መስመር ተሥሎ እስኪያልቅ የቀለሙ ሞገድ 283 ሙሉ ዙርና ተጨማሪ ሦስት ሩብ ዙር ይዞራል። ሁለት መስመር ወረድ ሲባል ትርፉ ግማሽ ዙር ይሆናል፤ ይኸውም ሞገዱ ተገልብጧል ማለት ነው፤ እዚያ ወደ ላይ የነበረው እዚህ ወደ ታች ነው። ብርሃኑ ግን ከመስመር መስመር ብዙም ስለማይለወጥ አይገለበጥም። ስለዚህ ሁለቱን መስመሮች ብትደምራቸው ቀለሙ ተጣፍቶ ብርሃኑ ይቀራል፤ ብትቀንሳቸው ብርሃኑ ተጣፍቶ ቀለሙ ይቀራል። በአሜሪካኖቹ ሥርዓት ትርፉ በአንድ መስመር ግማሽ ዙር ስለሆነ ጎረቤት መስመሮችን ማነጻጸር ይበቃል፤ የእኛው ሁለት መስመር መራቅ ይፈልጋል። ቺፑ ይህን ሁሉ የሚሠራው ምልክቱን መጀመሪያ ወደ ቁጥር ለውጦ፣ ያለፉትን መስመሮች በማስታወሻው ይዞ እየደመረና እየቀነሰ ነው።

ውጤቱን ሳይ ብድግ አልሁ። እታለም ዝም ብላ በቆመችበት ቀስተ ደመናው ጠፍቷል፤ ቀጥ ብለው የቆሙት ሰረዞች ተለይተው ወጥተዋል። ልጁ ግን «ቆይ እትዬ፣ ይመልከቱ» ብሎ አስቀመጠኝ። ከምርቃቱ በኋላ እታለም ዞር ስትል ቀሚሱ ሲያጋድል፣ ቀስተ ደመናው እጥፋቱ ላይ ብልጭ ብሎ ተመለሰ። ምክንያቱም ያጋደለ ሰረዝ በሚቀጥለው መስመር ቦታውን ይቀይራል፤ ቦታውን የሚቀይር ብርሃን ደግሞ ልክ እንደ ቀለም የተገለበጠ ይመስላል፤ ማበጠሪያውም ይሳሳታል። ሌላም አሳየኝ። የቀሚሱ ነጭ አልቆ ጥለቱ በሚጀምርበት አግድም ወሰን ላይ፣ ላይኛው መስመር ነጭ፣ ታችኛው ቀይ ሲሆን የሚጣፋ ነገር የለም፤ ስለዚህ ከወሰኑ ሥር የተሰቀለ የሚመስል የነጠብጣብ ረድፍ ታየ። እኔ ቀሚስ ስሰፋ የጥለቱ ጫፍ የት እንደሚጀምር ካልታየኝ መቀስ አላነሣም። የጥለቱ ወሰን ላይ ነጠብጣብ ያለበት ሥዕል ለእኔ ሥራ አይሆንም።

የተሻሉት ዲኮደሮች መስመሮቹ እንደማይመሳሰሉ ሲያዩ እዚያ ቦታ ላይ ብቻ ማበጠሩን ትተው ወደ ተራው ማጣሪያ ይመለሳሉ። ይህንንም አሳየኝ፤ ነጠብጣቡ ቀነሰ፣ ወሰኑ ግን ትንሽ ደበዘዘ። ከዚህም የረቀቀ አለ፤ መስመርን ከመስመር ሳይሆን አሁን ያለውን ምስል ሁለት ሙሉ ምስል ቀድሞት ከነበረው ጋር የሚያነጻጽር። ነገሩ ሁሉ ሳይንቀሳቀስ ሲቆም ይህ ከሁሉ ይበልጣል። ለካሴት ግን አጠፋው። ካሴት ሜካኒካል ነገር ነው፤ ሲዞር መስመሮቹ ትንሽ ይንቀጠቀጣሉ፤ ከሁለት ምስል በፊት የነበረው ነጥብ አሁን ካለው ነጥብ ጋር በትክክል አይገጥምም። ሰውም ይንቀሳቀሳል። ሠርግ ላይ ማን ዝም ብሎ ይቆማል?

እስከዚህ ድረስ ያሳየኝ ሁሉ በቢጫው ኬብል ነው። ሦስተኛው ግን ኬብሉን መቀየር ነበር። ከካሜራው ጎን አራት ቀጫጭን ፒን የሚገባበት ክብ ቀዳዳ አለ፤ ኤስ ቪዲዮ ይባላል። በዚያ ኬብል ብርሃኑ በአንድ ሽቦ፣ ቀለሙ በሌላ ሽቦ ለየብቻ ይወጣሉ። ካሴቱ ላይ ሲቀረጹም ተሸምነው አልነበረም፤ ካሜራው ቀለሙን ከ1 ሜጋኸርዝ በታች አውርዶ፣ ብርሃኑን ከዚያ በላይ አድርጎ ነው ያስቀመጣቸው። ተሸምነው የሚወጡት ለቢጫው ኬብል ሲባል ብቻ ነው። ያልተሸመነን ክር ሸምኖ፣ ወዲያው መልሶ መተርተር ምን ያደርጋል? ያው አሥር ሰከንድ በኤስ ቪዲዮ ሲመጣ ቀስተ ደመና የለ፣ ጉንዳን የለ፣ እታለም ብትዞርም ባትዞርም ጥለቱ ጥለት ነው። ካሜራው ላይ ያ ቀዳዳ ከመጀመሪያውም ነበረ። ከአምስት ዓመት በፊት ማንም አልሰካበትም።

ይህን ያህል የጻፍሁት ወደዚህ ቤት የምትሄዱ ሰዎች አንዲት ጥያቄ ይዛችሁ እንድትሄዱ ነው፤ ሌላ ቤትም ብትሄዱ ያችኑ ጠይቁ፦ «በየትኛው ኬብል ነው የምትገለብጠው?» መልሱ «ምን ለውጥ አለው» ከሆነ ካሴታችሁን ይዛችሁ ውጡ።

ነጠላው ደግሞ የብርሃን ጉዳይ ነው፤ እኔ ቀለም ብቻ ይመስለኝ ነበር። ዲኮደሩ ምልክቱን ወደ ቁጥር ሲለውጥ ለጥቁር 16፣ ለነጭ 235 ይሰጣል፤ ከዚያ በላይና በታች ትንሽ ትርፍ ቦታ አለ። የቪዲዮው ምልክት በርትቶ ከመጣና ባለሙያው ካልቀነሰው፣ ከጣሪያው በላይ የሆነው ሁሉ አንድ ዓይነት ነጭ ይሆናል፤ ቁጥሩ አንዴ እዚያ ከደረሰ በኋላ ኮምፒውተር ላይ ቢያጨልሙት አመድ ይሆናል እንጂ እጥፋቱ አይመለስም። ይህ ልጅ መገልበጥ ከመጀመሩ በፊት ካሴቱን በሙሉ እያየ በጣም ነጭ የሆነውን ቦታ ፈለገ። ያገኘው ያንኑ የፋሲለደስ መዋኛን ነው፤ የጥር ፀሐይ፣ ነጭ ነጠላ፣ ከኋላ የግንቡ ጥላ። የምልክቱን ጉልበት በዚያ ለክቶ አስተካከለና ከመጀመሪያው ጀመረ። አሁን የእታለም ነጠላ ትከሻዋ ላይ ሦስት ጊዜ ታጥፎ ይታያል፤ ፈትሉ የእናታችን ነው፣ አንዳንዱ ቦታ ወፈር የሚለው እንኳ ይለያል። ይህን ቦታ ስንት ጊዜ እንዳየሁት አልቆጠርሁም።

ስለ ቀሪው ባጭሩ ልበል። ዲኮደሩ ለብርሃኑ በሰከንድ 13.5 ሚሊዮን ናሙና፣ ቀለሙን ለሚሸከሙት ሁለት ምልክቶች ለእያንዳንዳቸው የዚያ ግማሽ ይወስዳል፤ በአንድ መስመር 720 የብርሃን ነጥብ፣ 360 የቀለም ነጥብ፣ 576 መስመር። ይህ የታወቀ ልክ ነው፤ ከዚህ ያነሰ ከሰጧችሁ ተቃወሙ። ቀለሙ ከብርሃኑ ትንሽ ወደ ቀኝ ሸሽቶ ነበር፤ የዣንጥላው ቀይ ከዣንጥላው ጨርቅ ወጥቶ ሰማዩ ላይ ነበር። ያንንም ወደ ቦታው መለሰው። ሳይጨመቅ የተቀመጠው ፋይል ለአንድ ሰዓት ወደ 75 ጊጋባይት ስለሚሆን የእታለም ልጅ የገዛችውን ሃርድ ዲስክ ይዤለት ሄድሁ፤ ለስልክ የሚሆን ትንሽ ቅጂም ለብቻ ሠርቶልኛል።

ያልወደድሁትንም ልጻፍ። «በሳምንት ይደርሳል» ያለኝ ሦስት ሳምንት ፈጀ። አንዱን ሳምንት መብራት ነው የበላው፤ ካሴቱ ግማሽ ላይ ሳለ መብራት ይሄዳል፣ ከመጀመሪያ ይጀመራል። ይህ የእሱ ጥፋት አይደለም። ስልክ ደውሎ አለመንገሩ ግን የእሱ ጥፋት ነው፤ ሁለት ጊዜ በባጃጅ ተመላልሼ ባዶ እጄን ተመለስሁ። ደረሰኝ የሚሰጠው ሲጠይቁት ብቻ ነው። ካሴት ተቀብሎ የሚያስቀምጥበት መደርደሪያ በር አጠገብ ነው፤ ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ያገኘዋል። ነግሬው ወደ ውስጥ አዛወረው፤ ሳልነግረው መዛወር ነበረበት። ካሴት ከሙቀት ጋር አይስማማም።

አንድ ሌላ፣ ከሁሉ ያበሳጨኝ። መጀመሪያ የሰጠኝ የተጠናቀቀ ቅጂ ላይ ጥለቱ ዙሪያውን ኩል የተኳለ ይመስል ነበር። በእያንዳንዱ መስመር ዳር ጥቁር፣ ከጥቁሩ ቀጥሎ ነጭ። የዲኮደሩ ማጉያ ማጣሪያ ከሌላ ደንበኛ ሥራ በርቶ ቀርቶ ኖሯል፤ ይህ ማጣሪያ የብርሃኑን ከፍተኛ ሞገዶች ያጎላና ምስሉን የጠራ ያስመስለዋል። ብዙ ሰው እንደሚወደው ነገረኝ። ለእኔ ግን አንዷ ቀጭን ሰረዝ ሦስት ሆነች፤ በዚያ ምስል ሸማኔ ፊት ብቆም አባባ ያልሸመኑትን ላሸምን ነበር። ሳልጨርስ ገባው። አጥፍቶ እንደገና ገለበጠው፤ ተጨማሪ ገንዘብም አልጠየቀኝም። እናንተ ስትሄዱ ቀድማችሁ «አታጉላው» በሉት።

የመልሱ ካሴት ሌላ ታሪክ ነው። እዚህ ላይ ልጁ ያለውን ቃል በቃል እጽፈዋለሁ፦ «እትዬ፣ ይኼን ማስለቀቅ አልችልም፤ እችላለሁ የሚልዎት ካለም አይመኑት።» ከሃይ ኤይት ወደ ቪ ኤች ኤስ ሲቀዳ በቢጫው ኬብል ነው የተቀዳው። ተቀባዩ ማጫወቻ የጥለቱን ቀጭን ሰረዝ ቀለም ነው ብሎ ወስዶ፣ ቀለም አድርጎ ካሴቱ ላይ ቀርጾታል። ሰረዙም ጠፍቷል፤ ተራ ቪ ኤች ኤስ ብርሃኑን እስከ 3 ሜጋኸርዝ ገደማ ብቻ ነውና የሚይዘው። ስለዚህ የዛሬ ዲኮደር ምንም ዓይነት ማበጠሪያ ቢኖረው ያ ቀስተ ደመና ለእሱ እውነተኛ ቀለም ነው። በነጭ ልብስ ላይ የፈሰሰ ቀለምና በነጭ ልብስ ላይ የተሸመነ ቀለም አንድ አይደለም፤ ሁለተኛው በእጥበት አይለቅም። ለዚህ ካሴት 800 ብር ከመቀበሉ በፊት ይህን ነግሮ «ቢተዉትስ?» አለኝ። እምቢ አልሁት። እምቢ ማለቴን ዛሬ አመሰግናለሁ።

ምክንያቱን ልንገራችሁ። የሠርጉ ካሴት ንጹሕ ሆኖ ሲመጣ ምስሉን አቁሜ፣ በእርሳስ እየነካሁ የጥለቱን መስመሮች ቆጠርሁ። ዘጠኝ ናቸው። ወፍራሙም ቀጭኑም ተለየ። ቀለማቸው ግን አልለይ አለኝ፤ ሦስተኛው ቀጭን መስመር ጥቁር ይሁን ሌላ፣ ሰባተኛው ቢጫ ይሁን ብርቱካን። ወደ ፒያሳ ተመለስሁ። ልጁ አይቶ ራሱን ነቀነቀ። ካሴት ቀለምን የሚይዘው በጣም በጠበበ ቦታ ነው፤ በስክሪኑ ስፋት ላይ ቀለም መቀያየር የሚችለው ወደ ሃምሳ ጊዜ ብቻ ነው። ብርሃኑ የጥለቱን መስመር ይስላል፤ ቀለሙ ግን ያን ያህል ቀጭን ብሩሽ የለውም፤ ከጎረቤቱ ጋር ይደባለቃል። ይህ ከየትኛውም ማጣሪያ በፊት፣ ካሜራው ሲቀርጽ ያለቀ ነገር ነው። «ጥለቱን ቀረብ ብሎ ያነሣበት ቦታ የለም? መስመሩ በስክሪኑ ላይ ከሰፋ ቀለሙ ይገኛል» አለኝ።

አለ። በመልሱ ካሴት ላይ፣ ወደ መጨረሻው፣ አጎታችን ቁጭ ካለችው እታለም ፊት ተንበርክኮ የቀሚሱን ጫፍ ስክሪኑን እስኪሞላ አቅርቦ አንሥቶታል። አባባ አጠገቧ ተቀምጠው የጥለቱን ዳር በአውራ ጣታቸውና በሌባ ጣታቸው ይዘው ለካሜራው ዘርግተውለታል። እዚያ ቦታ ላይ ቀስተ ደመና የለም። መስመሮቹ ሰፍተዋል፤ ከዚያ 230 ከሚሉት ቅጥነት ርቀዋል፤ ማንም ማጫወቻ ቀለም ብሎ አልተሳሳተባቸውም። ሥዕሉ ደብዛዛ ነው፤ የአባባ ጥፍር እንኳ በደንብ አይለይም። የቀለሙ ሜዳ ግን ሰፊ ስለሆነ ቀለሙ ረግቶ ተቀምጧል። ሦስተኛው መስመር ጥቁር ሰማያዊ ነው። ሰባተኛው የእርድ ቢጫ ነው።

ለምትሄዱ፦ እሑድ ዝግ ነው። የሃይ ኤይት ማጫወቻው አንድ ብቻ ስለሆነ ወረፋ አለ፤ ካሴቱ የተቀረጸበት ካሜራ ቤታችሁ ካለ ባይሠራም ይዛችሁ ሂዱ፣ ኬብሉ ሊጠቅም ይችላል። ከጃን ተከል ዋርካ በእግር ጥቂት ደቂቃ ነው። የሠርግ ወቅት ሳይደርስ ብትሄዱ ይሻላል፤ በጥር ሰው ይበዛበታል።

ዘጠኙን መስመር ከነቀለሙ በካሬ ወረቀት ላይ ሥዬ ለሸማኔው ወሰድሁለት። አገላብጦ አየውና «ስፋቱስ?» አለኝ። ሁለቱንም ካሴት ሳገላብጥ ይህ አልታሰበኝም ነበር። ስልኬን አውጥቼ የመልሱን ምስል አሳየሁት። ጥለቱ ከአባባ አውራ ጣት ስፋት ሁለት እጥፍ ትንሽ ይበልጣል። የእኔ አውራ ጣት የእሳቸውን ነው የወረሰ፤ ከልጅነቴ ጀምሮ ጣት ለጣት እየለካን እንጫወት ነበር፤ ትልቅ ሰው ከሆንሁ በኋላ ልክ ለልክ ነን። እጄን ወረቀቱ ላይ አኖርሁለት። በዙሪያው በእርሳስ አሰመረና ድሩን ሰኞ ዕለት ዘረጋው።